ለሀገር ቤት ላይብረሪ ከአራት ኪሎ ሆናችሁ ፕሮግራም ስታዘጋጁ

መጀመሪያ ካርቶኑን አስቀምጡት።

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን የምንቀመጥ የሀገር ልጆች ስለ ትውልድ ከተማችን ላይብረሪ ስናወራ አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው "መጽሐፍ እናሰባስብ" ነው፣ እኛም እንደዛው ነው የጀመርነው፣ 14 ሆነን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፣ ጎረቤት ለመንን፣ መስሪያ ቤት ለመንን፣ በሁለት ወር 11 ካርቶን ሞላ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ላክን። ውስጡ ምን ነበር ብትሉኝ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ክፍል አንዱ የሌለ የአካውንቲንግ ክፍል ሁለት፣ ካሪኩለሙ ከተቀየረ የቆየ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ፣ የሆነ ወርክሾፕ ሪፖርት (ሃያ ኮፒ!)፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልብወለድ፣ አንድ የግድግዳ ካላንደርም ነበር ማን እንደከተተው እግዜር ይወቅ።

ለመስቀል ስገባ ካርቶኖቹ ፕላስተራቸው እንኳን ሳይነሳ ጠረጴዛ ስር ተደርድረው አገኘኋቸው። ተናደድኩ። የላይብረሪዋን ሠራተኛ "እትዬ፣ ምነው እስካሁን አልተከፈተም?" ስላት ምንም ሳትቆጣ መሳቢያዋን ስባ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኙን) አሳየችኝ። "ልጄ፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ በኔ ስም ነው ገቢ የሚሆነው። ልጆቹ ይዘውት ቢጠፉ ከደሞዜ ነው። ጡረታ ስወጣ ደሞ ማን ያስረክብልኛል?" አለችኝ። ከዛ በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰዓት አየሁ፣ ከሰኞ እስከ አርብ፣ 2:30 ይከፈታል፣ ለምሳ ይዘጋል፣ 11:30 ያበቃል። ገበያው ቅዳሜ ነው። ገጠሬው ከተማ የሚገባበት አንድ ቀን ላይብረሪው ተቆልፎ ይውላል፣ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ ደሞ እሷ ወደ ቤቷ ልትሄድ ቦርሳዋን እየያዘች ነው።

ስለዚ ላይብረሪው ባዶ የሆነው መጽሐፍ አንሶት አልነበረም። ቁልፉ፣ ሰዓቱ፣ እና የንብረት ፍርሃቱ ነው። እነዚህን ሳትነኩ የምታዘጋጁት ፕሮግራም ሁሉ አንድ ቀን ደምቆ፣ ፎቶ ተነስቶበት፣ በማግስቱ ይረሳል። ከዚ በታች የምጽፈው ከሁለተኛው ሙከራችን በኋላ እየገባን የመጣው አካሄድ ነው፣ የናንተ ከተማ ላይ ሊለያይ ይችላል ግን ቅደም ተከተሉ ብዙም የሚቀየር አይመስለኝም።

ከስልክ ጀምሩ

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለሠራተኛዋ (ወይ ለሠራተኛው) ደውሉ፣ ለኃላፊው ሳይሆን ለሚከፍተው ሰው። ኃላፊ ጋ ስትደውሉ የምትሰሙት እቅድ ነው፣ ቁልፍ ያዡ ጋ ስትደውሉ ግን እውነቱን ትሰማላችሁ። ገበያው መቼ ነው፣ ቁልፉ ስንት ሰው ጋ አለ፣ መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋል፣ ስንት ወንበር አለ፣ ሽንት ቤቱ ይሠራል ወይ (ለሴት ልጆች ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው አያነሳውም እንጂ ልጆቹ ለምን ሁለት ሰዓት እንኳን እንደማይቀመጡ ሲገባችሁ ታዝናላችሁ)፣ ኔትወርክ የትኛው ጥግ ላይ ይይዛል፣ እና ዋናው ጥያቄ፣ "ሰው መጥቶ የለም ብለሽ የመለስሽው ምን ፈልጎ ነው?" የሚለው። እኛ ይሄንን ስንጠይቅ ልብወለድ ነው የምትለን ብለን ነበር፣ የመለሰችልን ግን ፎርም የሚሞላላቸው የፈለጉ ሰዎች፣ የ12ኛ ክፍል የድሮ ፈተና የሚፈልጉ ተማሪዎች፣ እና የልጃቸውን መልዕክት ከስልክ ላይ እንድታነብላቸው የመጡ እናቶች ብላ ነው።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ያለውን ላይብረሪ ሞዴል አድርጋችሁ አትሂዱ። አብርሆት ላይብረሪ በ2014 ሲከፈት ሁላችንም ሄደን አፋችንን ከፍተን አይተነዋል፣ ያምራል፣ ግን ሀገር ቤት ያለው አንድ ክፍል፣ ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ ሠራተኛ ነው። ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ከ1936 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፣ አዳራሹ ውስጥ የመጽሐፍ ምረቃና ውይይት ላይ ተቀምጠን ያደግን አለን፣ እሱንም ቀድታችሁ "የመጽሐፍ ውይይት እናዘጋጅ" ብትሉ መድረኩ ላይ ከአዲስ አበባ የሄዳችሁት እናንተው ትናገራላችሁ፣ ከስር ደሞ የቢሮ ሰው በትዕዛዝ መጥቶ ይቀመጣል። ከትልልቆቹ የሚቀዳ ነገር ካለ አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ልጆች ወለል ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደሚነበብላቸው ማየት ነው፣ ይሄ ሕንፃ አይፈልግም።

ንብረቱን ከሷ ትከሻ አውርዱ

የሕዝብ ላይብረሪዎች ባብዛኛው በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስር ናቸው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ከሆነ ደሞ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። የትኛው ስር እንደሆነ ሳታረጋግጡ ደብዳቤ አትጻፉ፣ ደብዳቤ የተሳሳተ ቢሮ ከገባ መልሶ ማውጣት ከባድ ነው፣ "ለሚመለከተው ክፍል መርተነዋል" የሚባል ጥቁር ጉድጓድ አለ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የኛ እንዲህ ይላል፦ "ጉዳዩ፡ በቤተ መጻሕፍቱ የቅዳሜ አገልግሎት ለመጀመር ትብብር ስለመጠየቅ። የከተማው ተወላጆች የሆንን በአዲስ አበባ የምንኖር 14 በጎ ፈቃደኞች በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት የሚሰጥ የንባብ፣ የፎርም መሙላትና የተማሪዎች ድጋፍ አገልግሎት በራሳችን ወጪ ለማገዝ ዝግጁ ስለሆንን፣ (አንደኛ) ቤተ መጻሕፍቱ በተጠቀሰው ቀን እንዲከፈት፣ (ሁለተኛ) ሠራተኛዋ በምትኩ ሰኞ ግማሽ ቀን እረፍት እንድታገኝ፣ (ሦስተኛ) በስጦታ የሚመጡ መጻሕፍት በማዋሻነት በተለየ መዝገብ እንዲያዙ ይፈቀድልን ዘንድ በትህትና እንጠይቃለን።" በቃ። ራዕይ ተልዕኮ ምናምን አያስፈልግም።

ሦስተኛዋ ነጥብ ናት ሁሉን የቀየረችው። ያስደረግነው ነገር ቀላል ነው፣ ጽሕፈት ቤቱ በቃለ ጉባኤ "እነዚህ መጻሕፍት በስጦታ የመጡ የማዋሻ መጻሕፍት ናቸው፣ በአገልግሎት ላይ ቢጎድሉ ወይ ቢቀደዱ በኮሚቴ እየታየ ይሰረዛል፣ ሠራተኛዋ በግል አትጠየቅም" ብሎ እንዲወስን ነው። ኮሚቴው እሷ፣ አንድ መምህር፣ ከእድሩ አንድ ሽማግሌ። በየስድስት ወሩ ይቆጥራሉ፣ የጎደለውን ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ። ቃለ ጉባኤው ማህተም ይኑረው፣ አንድ ኮፒ እሷ ጋ፣ አንድ ኮፒ እናንተ ጋ፣ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር (ይቀየራል!) አዲሱ ሰውዬ ጋ ይዛችሁ የምትገቡት እሱን ነው። ኦሪጅናሉን ደሞ ለማንም እንዳትሰጡ፣ አንዴ "አይቼ እመልሳለሁ" ተብሎ ተወስዶብን አንድ ወር ሙሉ ስናፈላልግ ነበር።

እና የሷ የቅዳሜ ሰዓት። በነፃ እንድትሠራ አትጠብቁ። እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን "ለወገን ነው" እያልን የሷን እረፍት መበጥበጥ ነውር ነው። የማካካሻ እረፍቱ ካልተፈቀደ ቁልፉን የሚጋራ ሁለተኛ ሰው በደብዳቤ ይወከል።

ቀኑን ከተማው ይምረጠው

ገበያ ቀን ጥሩ ነው ግን ሙሉ ቀን አይደለም፣ ሰው ጠዋት ሸጦ እስኪጨርስ ሐሳቡ እህሉ ላይ ነው፣ ከ4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ነው እግረ መንገዱን የሚገባው፣ ከዛ በኋላ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ይቸኩላል። ፖስተር ላይ 3 ሰዓት ብላችሁ ጻፉ፣ 4 ሰዓት ይሞላል፣ ይሄንን አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። የወሩ በዓላትን ተመልከቱ፣ ሚካኤልና ማርያም ከገበያው ቀን ጋር ከገጠሙ እናቶች ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አርብ ከሆነ የጁምዓን ሰዓት ዝለሉ። ህዳርና ታህሳስ አጨዳ ነው፣ ጥር ሰርግ ነው፣ እነዚህ ወራት ላይ ትልቅ ነገር አታቅዱ፣ ትንሿን የልጆች ሰዓት ብቻ አታቋርጡ። ክረምት ጭቃ ነው ግን ትምህርት የለም፣ የዩኒቨርስቲ ልጆችም ይመለሳሉ፣ ስለዚህ ለተማሪ ድጋፍ ሐምሌና ነሐሴን የሚያክል የለም።

አስተዋውቁ ስትሉ ደሞ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፣ ፌስቡኩን የሚያየው አዲስ አበባ ያለው ዘመዱ ነው። ትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበል፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከመስጊድ ደጃፍ፣ እድር ስብሰባ ላይ፣ ወፍጮ ቤት። ወፍጮ ቤት ወረቀት ከለጠፋችሁ ተራ የምትጠብቅ ሴት ሁሉ ታየዋለች፣ የማታነብ ከሆነች ከጎኗ ያለችው ታነብላታለች።

ምን እንሥራ

የገበያ ቀን ጠረጴዛ። ይሄ ከሁሉም ርካሹና ሰው የሚወደው ነው። በር ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማንበብ መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች፣ ሙሉ ቻርጅ የሆነ ፓወር ባንክ። ሰው ደብዳቤ ያስነብባል፣ ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል። ለገበሬ ደሞ 8028ን አብራችሁ ደውሉ፣ በ2006 የተጀመረ ነፃ የግብርና መረጃ መስመር ነው፣ ቋንቋ ትመርጣላችሁ፣ ከዛ ቁጥር እየነካችሁ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ምክር ትሰማላችሁ፣ ብዙ ገበሬ ቁጥሩን ሰምቶታል ግን "አንድን ይጫኑ" ሲባል የትኛው አንድ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። አንዴ እጁን ይዛችሁ ካሳያችሁት ቤቱ ሆኖ ለጎረቤት ያሳያል። ላውድ ስፒከር ላይ አድርጉትና አምስት ሰው አብሮ ይስማው፣ ከዛ የሚነሳው ክርክር ("ኧረ ይሄ የኛን አፈር አያውቅም") ከመስመሩ ምክር በላይ ጥሩ ነው፣ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ እዛው ካለ ደሞ ውይይቱ በራሱ ይሄዳል።

ቴሌብር ላይ ግን አንድ ጥብቅ ሕግ አድርጉ፣ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ መግባትን ማሳየት ይቻላል፣ የማንንም ሚስጥር ቁጥር መስማትም መንካትም አይቻልም፣ ሰውየው "ልጄ አንተው ንካልኝ" ቢልም ፊታችሁን አዙሩና ራሱ ይንካ። አንድ ሰው ብር ጎደለብኝ ካለ፣ እውነትም ይሁን ውሸት፣ ላይብረሪው በአንድ ቀን ስሙ ይጠፋል። የፋይዳ ምዝገባም ሰው የሚጠይቀው ነገር ነው፣ ባንኩም ፋይዳ አምጡ ስለሚል፣ ላይብረሪው ራሱ አይመዘግብም ግን መዝጋቢዎቹ ወደ ከተማዋ ሲመጡ ክፍሉንና መብራቱን መስጠት ይቻላል፣ ምዝገባው ነፃ መሆኑንም በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ ምክንያቱም "አስመዘግባለሁ" እያለ ብር የሚቀበል ደላላ አይጠፋም።

የልጆች ሰዓት። አንድ መጽሐፍ ለሰላሳ ልጅ ይበቃል። አዎ ይበቃል። አንድ ሰው ቆሞ እያሳየ ካነበበ፣ ቀስ ብሎ፣ ስዕሉን እያዞረ። ከአፍሪካን ስቶሪቡክ ድረገጽ ላይ የአማርኛም የኦሮምኛም የልጆች ታሪኮች በነፃ ይወርዳሉ፣ አራት ኪሎ ያሉ ኮፒ ቤቶች ጋ በከለር አሳትማችሁ በስቴፕለር አስራችሁ ብትልኩ ከ11 ካርቶናችን በላይ ይሠራል፣ ሽፋኑን ላሚኔት አስደርጉት፣ የልጅ እጅ ምህረት የለውም። የኛ ልጆች ቤት ጉራግኛ ነው የሚናገሩት፣ ስለዚህ አንባቢዋ አማርኛውን አንድ ገጽ አንብባ በጉራግኛ ትደግመዋለች፣ መጀመሪያ አማርኛቸው ይበላሻል ያሉ ወላጆች ነበሩ፣ አሁን ልጆቹ ራሳቸው ቀድመው ወደ አማርኛ ሲመልሱላት ሲያዩ ዝም ብለዋል።

ከዛ አንድ ሽማግሌ አምጡ። "ተረት ተረት" ሲሉ "የላም በረት" የሚለውን ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲመልሱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ከዚ የበለጠ ማስታወቂያ የለም። በስልክ ቅዱት፣ አስፈቅዳችሁ፣ ጸሐፊ ልጅ ካለ ይጻፈው፣ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ሲገባ አባባ ራሳቸው የተረኩት መጽሐፍ ላይብረሪ ውስጥ አላቸው ማለት ነው፣ የኛ ሽማግሌ ይሄ ከሆነ በኋላ በየሳምንቱ ነው የሚመጡት፣ "የኔን አንብብልኝ" ይላሉ።

መጽሐፍን ወደ ልጅ መውሰድ ደሞ ሌላ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ኢትዮጵያ ሪድስን መሥርቶ በ1995 ሾላ አካባቢ የልጆች ላይብረሪ ከፍቶ ነበር፣ ከዛ ሀዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ላይብረሪ አስጀመረ፣ ጋሪው ቆሞ ጎኑ ሲከፈት መደርደሪያ ነው፣ ልጆች ዛፍ ስር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። ከተማችሁ ውስጥ ባጃጅ ካለ ወይ ጋሪ ካለ ሐሳቡን መስረቅ ነውር አይደለም፣ በወር አንዴ አንድ ሳጥን ይዞ ራቅ ያለ ቀበሌ ትምህርት ቤት መሄድ ይቻላል።

የ12ኛ ክፍል ልጆች። እዚ ላይ ጊዜ አጥፉ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርስቲ ውስጥ በተሰጠበት ዙር፣ የ2014ቱ ማለት ነው፣ 50 እና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፣ ቤት ውስጥ ሐዘን ነበር። ከ2016 ጀምሮ ደሞ በከፊል በኮምፒውተር መፈተን መጣ። ሀገር ቤት ያለ ልጅ ፊዚክሱን ሊያውቀው ይችላል፣ ማውስ ግን ይዞ አያውቅም፣ ማውሱ ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ልጅ አለ፣ ጎበዝ ልጅ። ሁለት ያገለገለ ላፕቶፕና ሁለት ማውስ ይበቃል። መጀመሪያ ቀን ጌም ያጫውቷቸው (የካርታ ጨዋታው፣ ሶሊቴር፣ እየጎተቱ መጣልን የሚያስተምር ነገር እንደሱ የለም)፣ ሁለተኛ ቀን መልስ መምረጥ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ሰዓቱን ማየት፣ ሦስተኛ ቀን በሙሉ ሰዓት የድሮ ፈተና። ሴቶች ልጆች ወደ ኋላ እንዳይቀሩ የነሱን ሰዓት ለብቻ አድርጉት፣ አንድ ላይ ሲሆን ወንዶቹ ማውሱን አይለቁም፣ ምሽት ላይም አታድርጉት ወላጅ አይፈቅድም።

ኢንተርኔት ስለሌለ ምን ይደረግ ለምትሉ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ሙሉ አለ። ኪዊክስ የሚባለው ዊኪፔዲያን አውርዶ በላፕቶፕ ያለ ኔት ያስነብባል፣ የእንግሊዝኛው ከነፎቶው ወደ 100 ጊጋ ይደርሳል፣ የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ ፍላሽ ላይ ይገባል። ኮሊብሪ ደሞ ቪዲዮና መልመጃ ያለው የትምህርት ፕሮግራም ነው፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ ከተራ ዋይፋይ ራውተር ጋር ካገናኛችሁት ልጆቹ በራሳቸው ስልክ ዳታ ሳይጠቀሙ ይገባሉ። ዘዴው ሁሉን ነገር እዚ አዲስ አበባ፣ ፈጣን ኔት ያለበት ቦታ፣ ማታ ማታ አውርዶ መጨረስና እዚሁ ኔት አጥፍቶ መሞከር ነው። እኛ ሳንሞክረው ሄደን እዛ ስንከፍተው "ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ" አለን፣ 40 ልጅ ፊት። ያን ቀን ተረት ነው ያወራነው።

ጤና ላይ ከዚ ሐኪም ይዛችሁ አትሂዱ፣ ከ1995 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፣ እናቶቹን በስም ያውቋቸዋል፣ ቦታና ወንበር ነው የሚያጥራቸው። ጋብዟቸው፣ ላይብረሪው ቤታቸው ይሁን።

የመስቀል ሰሞን

አዲስ አበባ ያለ የኛ ሀገር ሰው ሁሉ ከመስከረም 13፣ 14 ጀምሮ ከተማውን ለቆ ይሄዳል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ትራንስፖርት ይወደዳል፣ እና ሀገር ቤት ገንዘብም እውቀትም ያለው ሰው በዓመት አንዴ አንድ ቦታ የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ትልቁን ዝግጅት እዛ ላይ አድርጉት፣ ግን 16 እና 17 ላይ አይደለም ሰው ቤቱ ነው፣ ክትፎውን ትቶ የሚመጣልህ የለም። 19 ወይ 20 ጠዋት ጥሩ ነው።

ምን ይደረግ? ንግግር አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት አራት ሰው ንግግር አደረገ፣ አንዱ 50 ደቂቃ፣ ልጆቹ አጥር ዘለው ሄዱ። ሁለተኛው ዓመት የድሮ ፎቶ አደረግን፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ የድሮ ፎቶ ይዞ ይምጣ አልን፣ በስልክ ስካን አድርገን ኦሪጅናሉን እዛው መለስን (ፎቶ "እመልሳለሁ" ብላችሁ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ጠብ ነው)፣ ቀድመን የሰበሰብነውን አሳትመን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። አንድ ፎቶ ላይ በ1971 ሐምሌ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ክፍል ነበር፣ አዋቂዎች ጥቁር ሰሌዳ ፊት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የኔ አባት እዛ ፎቶ ላይ ነበር፣ ፊደል የቆጠረው በዛ ዘመቻ እንደሆነ ይነግረን ነበር ግን ፎቶ አለ ብሎ አያውቅም። ያኔ በየገጠሩ የንባብ ቤት የሚባል ነበር፣ ሽማግሌዎቹ የት እንደነበረ እየጠቆሙ ተከራከሩ፣ ፎቶው ፊት ሰው ለሁለት ሰዓት ቆሞ አወራ፣ ማንም ማይክ አልያዘም።

ጥያቄና መልስ ውድድርም ይሠራል፣ ሽልማቱ ደብተርና ካልኩሌተር፣ ጥያቄዎቹን ግን ከላይብረሪው መጽሐፍ ውስጥ አውጡና ከሦስት ሳምንት በፊት የትኞቹ መጻሕፍት እንደሆኑ ንገሯቸው። ያኔ መጽሐፍ ሲናጠቁ ታያላችሁ።

ብር፣ አበልና ዳቦ

እኛ እንደ እቁብ ነው ያደረግነው፣ 14 ሰው በወር 300 ብር፣ 4,200። ይሄ ለጥበቃው የቅዳሜ ሻይ፣ ለኮፒ፣ ለካርድ፣ ለዳቦና ፈንዲሻ ይሆናል። ቡናውን እናቶች በተራ ያፈላሉ። ወንበርና ድንኳን መከራየት የለም፣ እድር አለው፣ አግዳሚም ብርጭቆም ድስትም፣ ሀዘን ከሌለ ይሰጣሉ፣ ሀዘን ከመጣ ግን በግማሽ ፕሮግራም ወንበሩ ይነሳል ለዛ ተዘጋጁ፣ ምንጣፍ ይኑራችሁ።

አበል የሚጠይቅ ሰው ይመጣል። መጀመሪያ ቀን ላይ በግልጽ የለም በሉ፣ ትራንስፖርት ከሩቅ ለመጣ ሰው በደረሰኝ፣ በቃ። አንዴ ከከፈላችሁ በሚቀጥለው የቀረው ሁሉ ያልተከፈለው ነው። ከተጠቃሚ ደሞ ምንም አታስከፍሉ፣ የመመዝገቢያ አምስት ብር እንኳን፣ ዩኔስኮና ኢፍላ (የዓለም የላይብረሪ ማህበራት ፌዴሬሽን) በጋራ ያወጡት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶም (የመጨረሻው እትም እ.ኤ.አ. የ2022 ነው) አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ነፃ ይሁን ነው የሚለው፣ ለኃላፊ ስታስረዱ ይሄንን ጥቀሱለት፣ ዩኔስኮ ሲባል ጆሮ ይሰጣል።

መጽሐፉስ?

አሁን ካርቶኑን አንሱት። ግን በዝርዝር፣ ሠራተኛዋ ከመዝገቧ "ተጠይቆ የሌለ" ብላ በጻፈችው። አዲስ አበባ ያሉት የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዝርዝር ስትሰጧቸው በሳምንት አፈላልገው ያመጣሉ፣ በብዛት ስትገዙ ይቀንሳሉ፣ "ለገጠር ላይብረሪ ነው" ስትሏቸው አንድ ሁለት መርቀው የሚጨምሩም አጋጥመውኛል። ያሁኑ ካሪኩለም አጋዥ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት (ከአንድ በላይ፣ እሱ ነው ቶሎ የሚያልቀው)፣ ቀጭን ቀጭን ልብወለድ፣ የልጆች መጽሐፍ፣ ስለ ከብትና ንብ ማነብ የተጻፈ በቀላል አማርኛ። ማኅተም ምቱ፣ ባለቀለም ወረቀት ጀርባው ላይ ለጥፉ፣ ቀይ ለልጆች፣ ሰማያዊ ለተማሪ፣ አረንጓዴ ለእርሻ፣ የዴዊ ቁጥር (ትልልቅ ላይብረሪዎች መጽሐፍ በርዕሰ ጉዳይ የሚለዩበት) ምናምን ይቅርባችሁ 300 መጽሐፍ ላይ።

ማዋሻው አንድ ሰው አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ገበያ፣ ማለትም አሥራ አምስት ቀን። ቀን ብላችሁ አትጻፉ "በሦስተኛው ገበያ መልስ" በሉት፣ ሰው የሚያስበው በገበያ ነው። የኛ ከመጀመሪያዎቹ 60 ውስጥ 7 አልተመለሱም፣ ኮሚቴው ተቀምጦ 4ቱን ሰረዘ፣ 3ቱ ደሞ ዘግይተው መጡ፣ አንዱ በሰርግ ሻንጣ ውስጥ ሌላ ከተማ ደርሶ ነው የተመለሰው።

ከዛ በኋላ ሥራችሁ ስልክ ነው። ከገበያ በማግስቱ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ደውሉ፣ ስንት ሰው መጣ፣ ማን ምን ጠየቀ፣ ምን ተበላሸ። ቁጥሩ ሲቀንስ አትቆጡ፣ ምክንያቱን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ዝናብ ወይ ለቅሶ ነው። ባለፈው እሁድ ስደውል እትዬ አልጋ ላይ ነበረች፣ ጉንፋን ይዟት፣ ቅዳሜ ማን ከፈተው ስላት ማውሱ ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ የነበረው ልጅ ቁልፉን ከቤቷ መጥቶ ወስዶ እሱ ከፍቶ ውሏል፣ 26 ሰው መጥቷል፣ ሁለተኛው ማውስ ግን ተበላሽቷል፣ ወደዛ የሚሄድና ማውስ የሚያደርስልን ሰው ካለ ግሩፑ ላይ ይጻፍልኝ።